ቢጫው ቦት

ያን ማታ ሊዮኒልድ ቅጽ ትሞላ ነበር፣
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ክርኗን አስደግፋ፤
ስሟንና ዕድሜዋን በአንድ ትንፋሽ ጽፋ፣
ካንዱ መስመር ስትደርስ ብዕሯ ቀጥ አለ፣ ሰው ይመስል ሲያፍር።

«የአባት የትምህርት ደረጃ» ይላል መስመሩ።
አባቴ መረብ ይጠግናል ከበሩ።
እናቴ ጣልቃ ገባች፦ «ነፋስ ያነባል በይ፣
ጉም ሳይመጣ ያውቀዋል በይ፣
ሰርዲኑ የሚያድርበትን ያያል በይ።»
አባቴ ሳቀ፦ «ነፋስ ዲግሪ የለውም።
አራተኛ ክፍል በይ፤ ማስረዘም አልወድም።»

እኔ ከዚያ ቅጽ አልደረስኩም።
ማንም «አትሂድ» አላለኝም፤
በሩም ፊቴ ላይ አልተዘጋም፤
በር መሆኑን ግን የነገረኝ የለም።

ከጠበቃው ልጅ፣ ከሎሬንሱ ጋራ፣
አንድ ወንበር ላይ ነበርን፣ በመስኮቱ ተራ፤
ሂሳብ ሲከብደው ከእኔ የሚቀዳ።
እነሱ ቤት ማታ፣ ሾርባው ሲቀዳ፣
«የትኛው ፋኩልቲ?» ነበር ጨዋታው፤
«ትሄዳለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም፣ ማን ሊጠራጠረው!
እኛ ቤት ደግሞ፣ «ጀልባው ላይ መቼ ትወጣለህ?»
ሁለቱም ቤት አባት ልጁን ይወዳል፤
እዚህ ላይ ልዩነት የለም።

ውጤት የተለጠፈ ዕለት፣
ሂሳብ ከሃያ አሥራ ዘጠኝ ያመጣሁ ዕለት፣
አባቴ በዝናብ ካርቶን ታቅፎ መጣ፤
ቢጫ የጎማ ቦት ከውስጡ አወጣ።
አዲስ። በልኬ። እስከ ጉልበት።
ስንት ወር እንዳጠራቀመ አልጠየቅሁት።
አጠለቅሁት፤ ወጥ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩበት።
ደስ አለኝ።
ለማንም ያልነገርኩት ይህንን ነው፤
ደስ አለኝ።

አሁን ሊዮኒልድ ከኮይምብራ ትደውላለች።
«መምህሩ ሲቀልድ» ትላለች፣
«ሁሉም ባንዴ ይስቃሉ፤ እኔ እዘገያለሁ፣
አንድ እርምጃ ያህል፤ ከዚያ እስቃለሁ።»
ጥቁሩን የተማሪ ካባ አሮጌ ገዛች፣
አዲሱ የእናቴን የፋብሪካ ደመወዝ ይጨርሳል ብላ።
ገበሩ ላይ በነጭ ክር የሌላ ልጅ ስም አለ፣
የማናውቃት እናት የጠለፈችው።
«አልተረትረውም» አለች፤ «እጇ ቆንጆ ነው።»

ልጄ አራት ዓመቱ ነው።
ማታ የሰርዲን አጥንት ስለቅምለት፣
«የትኛው ፋኩልቲ?» እለዋለሁ።
«ይበላል?» ይለኛል።
እኔም በቅጡ አላውቀው፤
ጆሮው ግን ቃሉን ይልመደው ብዬ፣
ቦቴን በር ላይ አውልቄ፣
ጨው የነከሰውን እጄን ታጥቤ፣
ነገም እጠይቀዋለሁ።