ትልቁን ለእሷ

ጎህ ሲቀድ አሞራ ገደል፣ ጀልባ ሳይራገፍ ገና፣
አባ ኮዳ ቀድሞኝ ደርሷል፣ ቆሟል እንደ ዘብ ቀና፤
እሱ ሆድቃውን ጠባቂ፣ እኔ ደግሞ ጥቂት ሥጋ፣
ሁለታችንም መረብ ሳንጥል፣ ተሰላፊ እስኪነጋ።

ላታሞን ነው የማውቀው፤ ሌሊቱን በውሃ ያደረ፣
ጣቱ በመረቡ ክር የተመተረ።
"ዶክተር" ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም።
የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ ግን አላርመውም።
ከዓሣው ጀርባ የክብሪት ቀፎ የምታህል እቆርጣለሁ፣
በላስቲክ ከትቼ፣ ቁጥር ጽፌ፣ በረዶ ላይ እጥላለሁ።
ገንዘቡን ስሰጠው ይስቃል፦
"የማትበላውን ትገዛለህ! ብር የት ይበቅላል?"

ቆሮሶው በክምር አለ፣ ቅርፊቱ ገና እየበራ፣
አምባዛው ከነጢሙ፣ አፉን ከፍቶ ሊያወራ፤
ሴቶቹ በቢላ ጀርባ ቅርፊት ሲያረግፉ ከደጅ፣
ክንዳቸው ላይ ቅርፊቱ ብር፤ ብሩ ግን በሌላ እጅ።

ዛሬ ግን ላታሞ ፊቱ እንደ ልጅ ይፈካል፤
ከጀልባው ወለል፣ ከጆንያ ሥር፣ አንድ ነገር ይገልጣል፦
ክንድ ከስንዝር የሚረዝም፣ ነሐስ የለበሰ ቢልጫ፣
የሐይቁ ባላባት፣ የአጥማጅ ሁሉ ምርጫ።
"ይህ አይሸጥም" አለኝ። "ለዱሬቴ ነው፤ ሰባት ወሯ ገብቷል፤
ጤና ጣቢያ ሲስተሯ 'ዓሣ ብዪ' ብላታለች፤ ካርዷ ላይ ሰፍሯል።
ለሽሉ አእምሮ፣ ለአጥንቱ፣ ለዓይኑም ነው ይላሉ፤
ታዲያ ለእርጉዝ ትንሹን ማን ይሰጣል? ትልቁን እንጂ ከሁሉ!"

ሲስተሯ እውነቷን ነው፤ አንድም ቃል አልተሳሳተች።
የዓሣ ሥጋ በሬ መግዛት ለማይችል ቤት የደረሰች፣
ቅባቷ እንኳ ሌላ ነው፤ በብርድ አይረጋም፤
የእኔም ልጅ በሾርባዋ ነው ያደገው፤ ይህን አልዘነጋም።

ግን ያለፈው ወር ወረቀት፣ ኪሴ ውስጥ አራት ታጥፎ፣
ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ይቆማል፣ ከተፈቀደው መስመር አልፎ።
ሜርኩሪ።
ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ በሎሚ አይለቅ፣ በበርበሬ፣
እሳትም አይፈታው፤ ጥብሱም ያው እንደ ጥሬ።
አሥራ ሰባትም እንዲህ ነበር፤ ነሐስ ለባሽ፣ ትልቅ፣
ዕድሜውን ሙሉ ትንንሾቹን ሲውጥ የኖረ፣ ዕዳቸውን ሳያውቅ።
ከጥቁር ውሃ ይምጣ፣ ከአፈሩ፣ ከሰማይ፣ ገና አልደረስንበትም፤
ሥጋው ግን መዝግቦታል፤ ዓሣ ዕዳ አይፍቅም።

እንዴት ልበለው? ለክብር የሚሰጠው ሁሌ ትልቁ ነው፤
ለእንግዳ ትልቁ፣ ለአራስ ትልቁ፤ ትንሹን ለድመት ነው የምንጥለው።
ደግሞ "ዓሣው ተመርዟል" ብዬ ብተነፍስ፣ ወሬ ክንፍ አለው፤
እስከ ምሳ ፒያሳ፣ እስከ ማታ አቶቴ፤ በነጋታው ገበያው ባዶ ነው።
እነዚያ ቅርፊት አርጋፊዎች ምን ይበላሉ? ልጆቻቸውስ?
ሰው ፈርቶ ደህናውንም ቢሸሽስ?

ጓንቴን አወለቅሁ።
"ላታሞ፣ ዱሬቴ ዓሣ ትብላ፤ በሳምንት ሁለቴም ይሁን፤
ግን ትንሹን።"
"ትንሹን?"
"መዳፍህ የሚያህለውን ቆሮሶ፤ ሳያረጅ የተያዘውን።
ይህ ሽማግሌ ብዙ በልቷል፤ የበላውም አልወጣለትም፤
አንተ አንድ ቀን ብትቀምሰው ምንም አይደል፤ ለሽል ግን አይሆንም።"

ማዕበሉ የጀልባውን ጎን ዳበሰ።
ላታሞ ዓሣውን አየ፣ እኔን አየ፣ እጁን በሱሪው አበሰ።
"ሰባት ዓመት ሙሉ ቆረጥህ" አለኝ፤ "በበረዶ ይዘህ ሄድህ፤
ዛሬ ገና መጣ መልስህ።"

የምለው አልነበረኝም።
እሱ ጎንበስ ብሎ ከክምሩ ሦስት ቆሮሶ መረጠ፣
ትንንሽ፣ የሚላወሱ፤ በቅጠል አድርጎ አስቀመጠ።
ቢልጫውን ክንዴ ላይ ጣለው። "በል ሙሉውን ውሰድ፣ ቁጥር ስጠው፤
ዋጋው ግን የቁራጭ አይደለም፤ አስቀድሜ ልንገርህ" አለው አፉን ሳይፈታው።

ከፈልኩ። ባላባቱን ታቅፌ ወደ መንገዱ ስወጣ፣
አባ ኮዳ ከኋላዬ ቀስ እያለ መጣ።
"ለአንተም አይሆንም" አልኩት።
አልሰማኝም።