የሰው ብስክሌት

ከሒርማታ ገበያ ጥግ፣ ከአናጢዎቹ ፊት ለፊት፣
ሠላሳ ዓመት ጎማ ለጠፍኩ፣ ክረምት ሳልል፣ በዓል ዕለት፤
ራሴ ግን ከቦዬ አልፌ አላውቅም።
የሰው መንገድ እጠግናለሁ፤ የት እንደሚያደርስ አልጠይቅም።

ከመነዳሪ በሳፋ ነክሬ፣
የሚወጣውን አረፋ ቆጥሬ፣
አገሩን በእሾሁ ነው የማውቀው፤
የየቡን ቆንጥር፣ የአጋሮን የጋሪ ሚስማር፣
ከሰው ጎማ ነቅዬ በጣሳ ያጠራቀምኩት ነው የኔ አገር።

ባለፈው ጥቅምት፣ ለመንገድ ማስፋት፣
ግድግዳዬን ቀይ ኤክስ ቀቡት።
መፍቻውን ሸጥኩ፤ መንፊያውን ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁ፤
አራግፌ ጨረስኩ ስል፣ ቀና ብዬ አየሁ፤
ከማገሩ ላይ አንዲት አረንጓዴ ብስክሌት፣ ሰባት ዓመት ተሰቅላ፣
አንገቷ ላይ በሲባጎ ካርቶን አንጠልጥላ።
ጽሑፉ የገዛ እጄ ነው፦
‹ሙዘይን አባ ፊጣ። ጌራ፣ ከጭራ ከፍ ብሎ።
የኋላ ጎማ፣ ፍሬን። ቀሪ ዐሥራ ስምንት ብር።›
ሱቅስ ይፈርሳል። የሰው ዕቃ ግን የት ይፈርሳል?

ዳቦ፣ ሁለት ሙዝ፣ ማስቲሽና መቀስ በፌስታል አሰርኩ፣
ጎህ ሳይቀድ፣ ውሻ እንኳ ሳይሸኘኝ፣ ከተማውን ለቀቅኩ።
የመጀመሪያው ዳገት ስድሳ አንድ ዓመቴን ቆጠረብኝ፣
እንደ አበዳሪ፣ አንድ ባንድ፣ አንዱንም ሳይረሳልኝ።
ወርጄ ስገፋ፣ አቮካዶ ያዘለች ሴት አለፈችኝ፤
ቁልቁለቱ ላይ እኔ ሳልፋት ‹አይዞህ!› አለችኝ፤
ለቁልቁለት አይዞህ መባሌ እስከ የቡ አሳቀኝ።

አይሱዙ ጥሩንባውን ነፍቶ ከቦይ ጨመረኝ፤
ወጣሁ። ጥቂት ሄጄ ዝናብ ጨመረኝ።

አጋሮ አደርኩ። አልጋ ቤቱ ጠባብ፣
ብስክሌቷን ሳስገባ ባለቤቱ ቀረብ፣
‹የሁለት ሰው ትከፍላለህ› አለ።
ተከራከርን። ሣቅን።
የአንድ ተኩል ከፈልኩ።

በማግስቱ አስፋልቱ እንደ ወሬ መሐል ላይ ተቋረጠ፤
ቀዩ ጭቃ ጎማውን እስከ ሽቦው ዋጠ።
ጫካው ዘጋብኝ። ቀፎው ከዛፉ አናት
እንደ ተረሳ ከበሮ፤ ጉሬዛዎች ከሥሩ
ለምዳቸውን ደርበው፣ ችሎት እንደ ተቀመጡ፣
አዩኝ፤ ፍርድ ሳይሰጡ ቅጠላቸውን ቆረጡ።

እዚያ ነው የተነፈሰብኝ። ጎማዬ።
እስከዛሬ ሰው ሲደርስበት እንጂ፣ በኔ ደርሶ አያውቅም።
ወንዝ ውስጥ ነከርኩት። አረፋው ወጣ፤
አንዲት ዓሣ፣ የጣት ግማሽ፣ ልታሸተው መጣች።
እሾኳን ነቀልኩ። በጣሳ የሚጠራቀም አይደለችም፤
ኪሴ ከተትኳት። ይቺ የራሴ ናት።

ሙዘይን በደጁ ነበር፤
ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ባለ አንድ እግር ሰው።
‹ስኳር ወሰዳት› አለኝ፣ ስለ ጎረቤት በግ እንደሚያወራ።
ብስክሌቷን ገልብጦ ጎማዋን በመዳፉ አዞረ፤
ሽቦው እስኪጠፋ ዞረ፣ እስኪታይ ድረስ ጠበቀ።
ከዚያ ዳገቱን አንድ ባንድ አስቀራኝ፣ እንደ ደረሳ፤
ስዘል እየመለሰ፦
‹ከድልድዩ ወዲህ ያለችውስ? ወርደህ ገፋህ?›
‹ገፋሁ።›
‹እኔም እገፋ ነበር› አለ፤ ደስ አለው።

ዐሥራ ስምንት ብሩን ከፍራሽ ሥር አውጥቶ ቆጠረልኝ፤
ዛሬ ሻይም አይገዛ። ተቀበልኩ። ዕዳ ነው።
ከዚያ አውራ ጣቱን ደወሉ ላይ አኖረ። ዝም።
‹ይህን አልሠራኸውም።›
‹ካርቶኑ ላይ የለም።›
‹አሁን ጻፈው። ወስደህ ሥራና ትመልሳታለህ።›
‹ሱቄ ፈርሷል› አልኩት።
‹መንገዱስ?› አለኝ።

ካርቶኑን ገለበጥኩ። በጀርባው ‹ደወል› ብዬ ጻፍኩ፤
‹ቀሪ› ከሚለው ፊት ለፊት ባዶውን ተውኩት።