እግርህ ይዋሻል

ከሌሊቱ አሥራ አንድ፣ ባጃጅ ሳይነቃ፣
ልብሴን በፌስታል ይዤ፣ በዘንባባው ሥር፣ ጉልበቴ ሲንቋቋ፣
ወደ ጣና እወርዳለሁ፤
ሃምሳ ስድስት ዓመቴን ከጫማዬ ጋራ ከድንጋዩ ትቼ
ሣሩን እረግጣለሁ።

አንድ እርምጃ ወደ ፊት። አንድ ቡጢ። መመለስ።
እንደገና ከመነሻው፣ ላቤ ከቅንድቤ እስኪፈስ።
ደንገሉ ያየኛል፣ ግን አይፈርድብኝም፤
ጋጋኖ ይንጫጫል፣ ለእኔ ብሎ አይደለም።

ካራቴ ያስጀመረኝ ውባንተ ነው፣ የፈትሉ ክፍል አለቃ፣
በጨርቃ ጨርቁ መጋዘን፣ በጥጥ ክምሩ ጥግ፣ ሲያልቅ የሌሊት ፈረቃ።
ምንጣፍ የለን፣ መስታወት የለን፤ ሲሚንቶ ነው ወለሉ፤
የቀበቶውን ቀለም በድስት ያፈላው ነበር፣ ራሱ፣ በከሰሉ።
ቢጫውን የታጠቅሁ ለት
ቀለሙ ከላቤ ጋር ወርዶ ሆዴ ላይ ቀረ፤
እናቴ «የወፍ በሽታ ነው» ብላ ጠበል ወሰደችኝ፤
ሦስት ቀን ተጠመቅሁ፣ ቢጫው ግን ነበረ።

ውባንተ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ
ከግራ እግሬ ዘንድ ይቆማል።
«ቡጢህ ደኅና ነው፤ እግርህ ግን ይዋሻል።»
ሌላ አይጨምርም።
እንዴት እንደሚዋሽ፣ ለማን እንደሚዋሽ፣ አይነግረኝም።

ጥቁሩን ስታጠቅ የደረስሁ መሰለኝ፤
ቤዛዊትን በሩጫ ሦስቴ ወጣሁ፣ ማን ይቻለኝ!
ከዚያ አባታችን ሞተ።
በአንዲት ክፍል ቤት፣ በሁለት ማንጎ ዛፍ
ከታናሼ ከአዝመራው ጋር ክፉ ቃል ወጣ ከአፍ፤
ከእሱ ይሁን ከእኔ፣ ዛሬ አላስታውሰውም።
እጄ ግን ቀደመኝ። እጄን አልረሳውም።
አሥራ ሁለት ዓመት አየር ላይ ሲያርፍ የኖረ ቡጢ
በናቴ ልጅ ፊት ላይ አረፈ።
ጥርሱ ሣሩ ላይ ወደቀ።
ትንሽ ነበረ። ነጭ ነበረ።
ሁለት ዓመት ቀበቶዬ ሣጥን ውስጥ ከረመ።

ውባንተ ቤቴ መጣ፤ አልገሠጸኝ፣ አላጽናናኝ፤
«እግርህስ?» ብሎ ጠየቀኝ።
«ይዋሻል» አልሁት።
«ታዲያ እዚህ ምን ያስቀምጥሃል?»
አለና፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ።

እምቦጩ ጣናን የወረሰ ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ወረድሁ፣
እስከ ደረቴ ገብቼ ነቀልሁ፣ ተሸከምሁ፣ ከመርሁ።
በማግሥቱ ስንመለስ
አረንጓዴው ተዘርግቶ ጠበቀን።
ከጎኔ አዝመራው ነበር፣ ጭቃ እስከ ብብቱ፤
«ሥሩን ተውኸው!» አለኝ፣
ሲስቅ እየታየ የጥርሱ ክፍተቱ።

ውባንተ ዛሬ የለም። ልጆቹ ለእኔ ቀሩ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ከዋርካው ሥር ተሰልፈው የሚማሩ።
ትናንት ደብሪቱ፣ የዓሣ ነጋዴዋ ልጅ፣ ዘጠኝ ነው ዓመቷ፣
ነጭ ቀበቶዋ መሬት የሚጎተት፣ ረዝሞ ከቁመቷ፣
ሰልፏን ጥላ መጣች።
እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ከግራ እግሬ ዘንድ ቆመች።
ጎንበስ ብላ አየች።
«ጋሼ፣ እግርዎ ትንሽ ይዋሻል» አለች።

ማን ነገራት? እሱን አታውቀው፤
እኔም ለማንም አላወራሁ።
ቤቴ እስክደርስ ብቻዬን ሳቅሁ፤
ማታ ስገላበጥ ነው ቃሏን የሰማሁ።
«ትንሽ» ነው ያለችው።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣
አንዲት ቃል ላይ ለመድረስ። «ትንሽ» ላይ።

ይኸው አሥራ አንድ ሰዓት ነው።
ጫማዬን አወልቃለሁ።