ተራ ቁጥር ዘጠኝ

መሐል ሜዳ ማለዳ፣ ውርጩ ከሣር ሳይለቅ፣
በብድር ቢሮው ደጅ ተራዬን ስጠብቅ፣
ሁለት ጉርድ ፎቶ በነጠላ ቋጥሬ፣
የምጠየቀውን በልቤ ቆጥሬ፣
ገባሁ።

«ሙሉ ስም?» — እታገኘሁ ደበብ ጽጌ።
«ዕድሜ?» — እናቴ ስትል የሰማሁት፣
ገብሱን በረዶ በመታው ዓመት ነው የመጣሁት።
ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፣ ትንሽ ቆይቶ
ሠላሳ ስምንት ጻፈ መልኬን ገምቶ።

«የብድሩ ዓላማ?» — የሹራብ መኪና።
በእጄ ስሠራ ኖሬ ጣቴ ዛለብኝና፣
ዘንድሮ ተማሪው ሁሉ ሹራብ ታዟልና።
«ማስያዣ?» — አራት በግ፤ አንዷ ግን አንካሳ።
«በግ አይያዝም» አለኝ ብዕሩን ሳያነሣ፤
«ደመወዝ ያለው ዋስ ነው የሚፈለገው።»

መምህር አጥናፉ ለሁለት ሰው ዋስ ሆኖ፣
አንዱ ከፍሎ ሳይጨርስ፣ አንዱ ተሰውሮ፣
ደመወዙ በየወሩ ይደርሳል ተቆንጥሮ።
ነርስ እልፍነሽም «ባሌ አይፈቅድም» አለች፣
ሻይ ግን ጋበዘችኝ፣ ዓይኗን እየሰበረች።

ስለዚህ — እንዴት ልበል — ወደ ሸዋቀና ሄድኩ።
የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። የድሮ ባሌ።
በሰማንያ አግብቶኝ በሽማግሌ የተለየኝ።
ደጃፉ ላይ ቆሜ ነገርኩት ጉዳዩን ብቻ፣ በአጭሩ፤
እሱም ምንም አላለ፤ ካፖርቱን አነሣ ካጥሩ።

«ተራ ቁጥር ዘጠኝ» አለ ልጁ ቅጹን ገልጦ፣
«ዋሱ ለተበዳሪዋ ያለው ዝምድና?»
ወንድም? አጎት? ጎረቤት? ሣጥኖች ተደርድረዋል፣
የኛ ነገር ከነዚህ ከየቱ ይገባል?
ስንጋባ ለውላችን ዋሶች ነበሩ ሦስት፣
ሁለቱ ሞተዋል፤ አንዱ ግን በሕይወት፣
ገበያ ላይ ካየኝ በአቋራጭ ይታጠፋል፣
የኔ ዕዳ ያለበት ይመስል።

«ጻፍ» አለው ሸዋቀና፣ «ምኗም አይደለሁ።
ዋሷ ነኝ።»
ልጁ «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

ፈረመ። ፊርማውን ከዚህ በፊት ያየሁት ሁለቴ ነው፣
የጋብቻው ዕለት፣ የፍቺው ዕለት።
ዛሬ እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ወጣን። ነፋሱ ከጓሳ በኩል ይወርዳል።
«ስንት ወር ነው ክፍያው?» አለኝ፣ ካፖርቱን እየቆለፈ።
«ሃያ አራት።»
በጣቱ ቆጠረ፤ ሳቁን ዋጥ አደረገ።
እኛ በትዳር የቆየነው አሥራ ስምንት ወር ነው።