አተር የምታህል

በባጃጅ መስታወት ነው መጀመሪያ ያየሁት፣
ቡሬ፣ ከበርበሬ ተራ ስመለስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት።
ጥላ መስሎኝ ፊቴን ወደ ብርሃን ባዞር
ጥላው አብሮኝ ዞረ፤ ጉንጬ ላይ ነበር።
በነጠላ ጫፍ፣ በምራቅ ፈተግሁት፤
ቆዳዬን አቀላሁ እንጂ አላስለቀቅሁት።

«ማድያት ነው» አለች ጎረቤቴ አትክልት፣
ሆዴን በዓይኗ ለክታ፣ ሰባት ወር ሞልቶት፤
«የሆድሽ ልጅ ነው የሣለው፤ ስትወልጂ ይጠፋል፤
የኔን አላየሽም? ክርስትናው ሳይደርስ ለቆኝ ሄዷል።»

ወለድሁ።
በስምንተኛው ወር፣ ሌሊት፣ ያልጮኸ ወለድሁ።
ክርስትና አልነበረም።
ጡቴ በሳምንቱ ደረቀ፣ ወገቤ በወሩ ገጠመ፤
ማድያቱ ግን ከጉንጬ ወደ ግንባሬ፣
ከግንባሬ ወደ ላይ ከንፈሬ፣ ቀስ እያለ ከረመ።

ባሌ ይርሳው ይባላል፤
የሞተ ወንድሙን ተከትሎ ስለመጣ ያወጡለት ስም ነው።
ስሙ ይርሳው እንጂ እሱስ መርሳት አያውቅም፤
ፊቴን ሲያይ ዓይኑን ወደ ጣራው ይሰዳል፣ ምንም አይልም።

ከቅዳሜ ገበያ፣ ከሸራ ላይ፣ ስም የሌለው ብልቃጥ ገዛሁ፤
«በአሥር ቀን ሎሚ ያስመስላል» አለች ሻጯ፤ ተቀባሁ።
አስመሰለኝም።
በወሩ ግን ቆዳዬ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፣
በርበሬ ስሰፍር ብናኙ ፈጀኝ፣ ጥቁሩ በእጥፉ ተነሳ።

መታወቂያ ላሳድስ ብል ፎቶ አንሺው በኮምፒውተር አጠፋልኝ።
የቀበሌው ጸሐፊ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣
«እኅትሽ ራሷ ትምጣ» አለኝ።

በነጋታው ሚኒባስ ተሳፈርሁ፤
ፍኖተ ሰላም፣ ጅጋ፣ ደምበጫ፣ አማኑኤል፣
ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ ከመስኮቱ ርቄ፣
ደብረ ማርቆስ፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ደረስሁ።

መብራት አስጠግታ አየችኝ፤ ብልቃጡን ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።
«ይሄ መድኃኒት አይደለም፣ ብድር ነው» አለች፤
«ወለዱን ፊትሽ ነው የሚከፍለው።»
ወለዱን።
ከዚያ እየጻፈች ነገረችኝ፦
«ማታ ብቻ። አተር የምታህል። ከጥቁሩ ውጭ ሌላ ቦታ አይነካም።
ጠዋት የፀሐይ መከላከያ፤ ያለ ባርኔጣ ገበያ አይወጣም።
ብታረግዢ በዚያው ቀን ታቆሚያለሽ፤ ከሦስት ወር በላይ በራስሽ አትቀጥይም።
ይደበዝዛል፤ ፈጽሞ ይጠፋል ብዬ ግን አልዋሽሽም።»
እስክሪብቶዋን ሳታነሳ፦ «የመጣው በእርግዝና ነበር?»
«ነበር።»
«ስንት ልጆች አሉሽ?»
መስኮቱ ላይ ያለውን ዝንብ ቆጠርሁ።
አንድ ነበር።

አንዷ ቱቦ የስድስት ኪሎ ዛላ በርበሬ ዋጋ ናት።
በባርኔጣ ስቀመጥ «ቱሪስቷ መጣች» ብለው ሳቁብኝ፤
በሁለተኛው ወር ካሳቁት ሁለቱ
ራሳቸው ባርኔጣ ደፍተው፣ «የት ነው የታከምሽው?» አሉኝ።

ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ ይርሳው የእጅ ባትሪ ያበራልኛል፤
ቱቦውን እጨምቃለሁ፤ አተር የምታህል።
ግንባሬን። የላይ ከንፈሬን። ቀኝ ጉንጬን።
ወተት እንደነካው ሻይ እየሆነ ነው፤ እየሳሳ ይሄዳል።
ግራ ጉንጬ ላይ፣ ወደ ጆሮዬ፣
ያን ቀን በባጃጁ መስታወት ያየኋት አለች፤
እዚያ ስደርስ ጣቴ ይቆማል።
ይርሳው ያያል።
ባትሪውን አያነቃንቅም።

በሦስተኛው ወር ሐኪሟ አገጬን ይዛ ወደ መብራቱ አዞረችኝ፤
«ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ። እዚህ ጋ ግን… አልተቀባሽም?»
«ረሳሁት» አልኋት።
ደጅ፣ አግዳሚው ላይ፣
ባሌ ባርኔጣዬን በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቃል።