የገመዱ ጫፍ

ሙሐረቅ፤ ከባሕሩ ሦስተኛው ቅያስ ውስጥ፣
ነሐሴ ሌሊት፤ ግድግዳው እንደ ሰው ሲያልበው፣ ሲቀልጥ፣
አንድ ሽማግሌ አገላብጣለሁ፤
ጎኑ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ እነቃለሁ።

ጁማ ይባላል። የዘጠናን ደጃፍ ከረገጠ ቆይቷል፤
ሌላው አካሉ ተኝቶ ዓይኑና ምላሱ ቀርቷል።
ስሜ ባንቺአምላክ ነው፤ ሊጠራኝ ይጀምርና
«ባንቺ…» ላይ ትንፋሹ ያልቃል፤
አምላክ ጋ ሳይደርስ ይወድቃል።
የቀረውን በልቤ እጨርሳለሁ፣ ዳይፐሩን ስቀይር።

በወር አንዴ፣ አርብ፣ ማናማ ይፈቀድልኛል፤
ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ፣ ጫማ ከተከመረበት ደረጃ ማዶ፣
ጉባኤ ይጠብቀኛል።
መምህር ፍሬስብሐት ባለፈው ሲያስተምሩ
ስለ ዛጎል አነሡ፣ ስለዚሁ አገር ባሕሩ፦
«አሸዋ ሆዷ ገብቶ ባያቆስላት፣ ባይወጋት፣
ሉል ከየት ታመጣ ነበር? መከራዋ ነው ያስጌጣት።»
«አሜን» አልን።
ሽታዬ ግን አላለችም።
አሥራ አራት ወር ሙሉ ደመወዟን አላየችም፤
ቀኝ እጇ በፈላ ዘይት ተሸብሽቧል፤
እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች፣
አሜኗ ጉሮሮዋ ላይ ቀርቷል።

እኔ ደግሞ ዛጎል ከፍቻለሁ፣ መምህር።
የቤቱ ልጆች ቅርጫት ሞልተው ሲመጡ ከባሕር፣
ቢላው የሚሰጠው ለኔ ነው።
ስድሳ ከፈትኩ። አሸዋ ያልቀመሰ አልነበረም፤
ሉል ያለው ግን አልተገኘም፤ ሥጋውን ድመት በላው።
ቢገኝስ? በማን አንገት ሊያበራ?
ዛጎሏን ማን ጠየቃት? ለማን ነው የሷ መከራ?
ይህን ልጠይቅ ተነሣሁ፤
ከታች ታክሲው ጥሩምባ ነፋ፣
ጥያቄዬን ይዤ ወረድኩ፣ ጫማዬን አነሣሁ።

ለጁማ ነገርኩት ማታ፣ ሾርባውን በማንኪያ ስሰጠው።
ሳቀ። ሳቁ እንደ ሳል ነው፤ አገጩን ጠረግሁለት፤ ዋጠው።
«ሉል የነጋዴ ወሬ ነው» አለ፣ «እኔ ምን አውቄ?
አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የሞተ አባቴን ዕዳ ታጥቄ፣
አፍንጫዬን በአጥንት ቆንጥጬ፣ ድንጋይ ከእግሬ አስሬ ወረድኩ።
ታች ጆሮ ይደማል። ጀልባ አይታይ፣ ሰው አይታይ፤
አንድ ገመድ ብቻ ወገቤ ላይ።
ጫፉን የያዘው ማርዙቅ ነበር፤ በልጅነቱ የተሸጠ ባሪያ፣
ከናንተው አገር፣ ከባሕሩ ወዲያ።
አንድ ቀን፣ ገመዱን ለመጎተት እንኳ አቅም አጥቼ
በሞት አፋፍ ካወጣኝ በኋላ፣ ‹እንዴት ነው የምታውቀው?› ብለው፣
‹አንተ ስትወርድ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ› አለኝ፣
‹ሲጨንቀኝ ነው የምስበው።›»

ሌላ አላለም። አንቀላፋ።

መልስ አገኘሁ አልልም፤
የሽታዬ ደመወዝ ዛሬም አልተከፈለም፤
አሸዋው አሸዋ ነው፤ ስጦታ ነው ብዬ ለማንም አልምልም።
ግን ያ በሠላሳ ብር የተሸጠው፣
በእንጨት ላይ ትንፋሽ ያጠረው፣
ሉል ቆጣሪ እንዳልሆነ በዚች ሌሊት ገባኝ።
ዘመድ በሌለኝ አገር ገመድ አለኝ።
ጎተት አደርገዋለሁ። ገና አልወጣሁም።
ገመዱ ግን አልላላም።

ሊነጋ ሲል የጁማ ደረት ቆመ።
ቆጠርኩ፤ አራት፣ አምስት… የመስጊዱ ድምፅ ቀደመ፤
ስምንት፣ ዘጠኝ፤
እኔም ትንፋሼን ይዤ እንደ ነበር ያወቅሁት
የራሴ ደረት ሲያመኝ።
ድንገት አየር ሳበ። እኔም ሳብኩ።
«ባንቺ…» አለ።
የቀረውን ጮክ ብዬ ተናገርኩ።