ወቅታዊ ጉዳይ

ሙሄ ባለሱቁ፣ የሸዋ በሩ ሰው፣
ስኳር መቋጠሪያ ጋዜጣ ሲተርፈው
ከባንኮኒው ሥር ደብቆ ያኖርልናል፤
«አጥኑና መልሱልኝ፣ በርበሬ አለ» ይለናል።

ቀኑ የተቀደደ፣ ዘይት የጠጣ ዜና፣
ግማሽ ፊት ሚኒስትር፤ ግማሹ ከሰው ሽሮ ጋር ሄዷልና።
ስሙን ሸምድደን ስናድር በመከራ፣
ጠዋት በሬድዮ ሌላ ስም ተጠራ።
ላጲስ አልቆብናል፤ ጦይባ በምራቋ
ታጠፋለች፣ ወረቀቱን እስኪበሳው ጣቷ።

መዝገብ ቤት ሠራተኛ። ደረጃ ሰባት። አንድ ቦታ።
ስምንት መቶ ሰው ተመዝግቧል እስከ ትናንት ማታ።

ጦሳ ጉም ለብሶ መብራቱ ሲጠፋ
በስልኳ ብርሃን ትጠይቀኛለች፣ ሳታንቀላፋ።
የማላየውን አገር ገንዘብ በስሙ እጠራለሁ፤
አከራዬን ሳይ ግን በጓሮ እዞራለሁ።

ፈተናው ደረሰ፤ ሆጤ ትምህርት ቤት፣
ወንበር ቁጥር ሃምሳ፣ ከመስኮቱ ፊት።
ጥያቄ ሠላሳ አራት፦
«በሐይቅ ጊዜያዊ መጠለያ የተመዘገቡ
ተፈናቃዮች ብዛት ስንት ነው?»
ሀ። ለ። ሐ። መ።
እጄ ላይ እርሳሱ ቆመ።

ቆጣሪው በመጣ ዕለት እኔና ጦይባ
ውሃ ልንቀዳ ወርደን፣ ጀሪካን ይዘን ስንገባ
መዝገቡን ዘግቶ፣ «ነገ» ብሎ ሄዷል። ነገም አልመጣም።
የሊሻን ልጅ ሌሊቱን ተወለደ፤ ስሙ መዝገብ ላይ አልወጣም።

ጦይባ ከሁለት ወንበር ወዲያ ቀና አለች፤ አየችኝ፤
ሦስት ጣት አሳየችኝ።
«ኩረጃ!» ተባለ። ወረቀቷ ተነጠቀ።
እኔም ሐን አጠቆርኩ፣ ሰዓቱ አለቀ።

ፊደሉን ነው፣ ወይስ እኔን፣ እሷንና ያን ሕፃን?
እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።